በምጥ ወይስ በታቀደ ቀዶ ሕክምና? ቀጣዩን እርግዝናም የሚወስነው ምርጫ

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብ እና ጤና ጥናት በአንዲት አገር ውስጥ ሁለት የተለያዩ የወሊድ ዓለሞች እንዳሉ አሳይቷል። ጥናቱ ከመካሄዱ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት በአገር አቀፍ ደረጃ በቀዶ ሕክምና የተወለዱት ሕፃናት 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። በአዲስ አበባ ግን ከአምስት ሕፃናት አንዱ የተወለደው በዚሁ መንገድ ነው።

ቁጥሮቹ ሁለት ተቃራኒ ችግሮችን ይጠቁማሉ። በሩቅ የገጠር ቀበሌ የምትኖር እና ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋት እናት በወቅቱ ሳታገኘው ቀርታ ልትሞት፣ ልጇን ልታጣ ወይም ለፊስቱላ ልትዳረግ ትችላለች። በከተማ ደግሞ የግድ ሳያስፈልጋት በቀዶ ሕክምና የወለደች፣ ጠባሳውም በሚቀጥለው እርግዝና ስጋት የሚሆንባት እናት አለች።

በእነዚህ በሁለቱ መካከል ለማሰብ እና ለመምረጥ ጊዜ ያላቸው ሴቶች ይገኛሉ። ከእነርሱ መካከል ቀደም ሲል በቀዶ ሕክምና የወለዱ፣ ፅንሱ በመቀመጫው የመጣባቸው፣ መንታ ያረገዙ ወይም ምጥን አብዝተው የሚፈሩ አሉ። ለእነርሱ «የትኛው ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የለውም። መልሱ በሕክምና ምክንያቱ፣ ወደፊት በሚፈለገው የልጅ ቁጥር እና በቀጣዩ እርግዝና በሚኖረው የሆስፒታል ርቀት ላይ ይመሠረታል።

የታቀደ እና ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና

በተለምዶ «በኦፕራሲዮን መውለድ» የሚባለው የእናትየዋ ሆድ እና ማኅፀን ተከፍቶ ሕፃኑ የሚወጣበት የቀዶ ሕክምና ዓይነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ማደንዘዣው በጀርባ አከርካሪ በኩል ስለሚሰጥ ከወገብ በታች ያለው የሰውነት ክፍል ብቻ ይደነዝዛል። እናትየዋ ነቅታ የልጇን የመጀመሪያ ለቅሶ መስማት፣ ሁኔታው ከፈቀደም በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ጡት ማጥባት ትችላለች። ሙሉ በሙሉ የሚያስተኛው ማደንዘዣ በአብዛኛው የሚሰጠው ጊዜ ሲጠፋ ወይም የጀርባው መርፌ ለእናትየዋ የማይመከር ሲሆን ነው።

የታቀደ ቀዶ ሕክምና ምጥ ከመጀመሩ በፊት አስቀድሞ በተቆረጠ ቀን ይከናወናል። የሚያስቸኩል ምክንያት ከሌለ እርግዝናው 39 ሳምንት ከመሙላቱ በፊት እንዳይደረግ ይመከራል። ከዚያ ቀድመው ምጥ ሳይጀምር የሚወጡ ሕፃናት ለመተንፈስ ችግር የመጋለጥ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ የእርግዝናው ዕድሜ በትክክል መታወቅ አለበት። በእርግዝናው የመጀመሪያ ወራት የሚደረግ የአልትራሳውንድ ምርመራ ዕድሜውን ለማወቅ በኋላ ከሚደረገው ይበልጥ ያስተማምናል።

ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና የሚደረገው ምጥ ከተጀመረ በኋላ አልሄድ ሲል ወይም የእናትየዋ አሊያም የፅንሱ ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ነው። በአጠቃላይ ከታቀደው የበለጠ አደጋ አለው። በመሆኑም ምርጫውን የምታመዛዝን እናት ሦስት ውጤቶችን ማሰብ ይኖርባታል፤ በምጥ መውለድ፣ በታቀደ ቀዶ ሕክምና መውለድ፣ እንዲሁም በምጥ ተጀምሮ በድንገተኛ ቀዶ ሕክምና የሚያበቃ ወሊድ። ሦስተኛው የመከሰት ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ ሳይታወቅ ሁለቱን ብቻ ማነጻጸር የተሟላ ሥዕል አይሰጥም።

ቀዶ ሕክምናው ለምሥራቅ አፍሪካ እንግዳ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እአአ) በ1879 ሮበርት ፌልኪን የተባለ ብሪታንያዊ ተጓዥ በዛሬዋ ኡጋንዳ፣ በቡንዮሮ ግዛት ካሁራ በተባለ ስፍራ የአገሬው ባለሙያ አንዲትን ነፍሰ ጡር በቀዶ ሕክምና ሲያዋልድ መመልከቱን ጽፏል። ባለሙያው እናትየዋን ለማደንዘዝ እንዲሁም እጁን እና ሆዷን ለማጠብ ከሙዝ የተጠመቀ መጠጥ ተጠቅሟል። ቁስሉን የዘጋው ደግሞ በቀጫጭን የብረት መርፌዎች እያያያዘ ነበር። ፌልኪን አካባቢውን ሲለቅ እናትም ልጅም በሕይወት ነበሩ። በዚያ ዘመን በአውሮፓ ይህ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው እናቶች ብዙዎቹ ይሞቱ ነበር።

አንዱ ጋ እጥረት፣ ሌላው ጋ ብዛት

የዓለም ጤና ድርጅት እአአ በ2021 ባወጣው መረጃ መሠረት በዓለም ዙሪያ ከሚወለዱ ሕፃናት 21 በመቶው በቀዶ ሕክምና ይወለዳሉ። አሁን ባለው አካሄድ ከቀጠለ በ2030 መጠኑ ወደ 29 በመቶ ይጠጋል። ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገራት ግን አማካዩ 5 በመቶ ብቻ ነው።

በሌላኛው ጫፍ የምትገኘው ግብፅ ናት። በአገሪቱ እአአ በ2014 በቀዶ ሕክምና የተወለዱት ሕፃናት 52 በመቶ ነበሩ። በ2021 የተደረገው የቤተሰብ ጤና ጥናት ይህ አኃዝ 72 በመቶ መድረሱን አሳይቷል። ኬንያ ደግሞ በ2014 ከነበረው 9 በመቶ በ2022 ወደ 17 በመቶ ከፍ ብላለች።

ድርጅቱ እአአ በ1985 ተገቢው መጠን ከ10 እስከ 15 በመቶ እንደሆነ ገልጾ ነበር። በ2015 ባወጣው መግለጫ ደግሞ የአንድ አገር መጠን ከ10 በመቶ ሲያልፍ የእናቶች እና የጨቅላ ሕፃናት ሞት ተጨማሪ መቀነስ እንደማያሳይ አስታውቋል። በዚሁ መግለጫ አገራት አንድ የተወሰነ ቁጥር ላይ ለመድረስ ከመጣጣር ይልቅ ቀዶ ሕክምናውን ለሚያስፈልጋት ለእያንዳንዷ ሴት ለማዳረስ እንዲጥሩ መክሯል።

ደኅንነቱም ከቦታ ቦታ ይለያያል። በ22 የአፍሪካ አገራት በቀዶ ሕክምና የወለዱ 3,684 እናቶችን የተከታተለ እና እአአ በ2019 የታተመ ጥናት ከ1,000 እናቶች ከአምስት በላይ የሚሆኑት እንደሞቱ አሳይቷል። ይህም ከፍተኛ ገቢ ባላቸው አገራት ከሚታየው 50 እጥፍ ይበልጣል።

ቁጥሩ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። በጥናቱ ከተካተቱት ቀዶ ሕክምናዎች አብዛኞቹ ድንገተኛ ነበሩ። ከሞት ጋር ከተያያዙት ምክንያቶች መካከልም ከቀዶ ሕክምናው በፊት የጀመረ የደም መፍሰስ እና በማደንዘዣ ምክንያት የሚከሰቱ ችግሮች ይገኙበታል። ዘግይቶ መድረስ፣ የደም እጥረት እና የማደንዘዣ ባለሙያ አለመኖር በአንድ ላይ ሲገጥሙ ሕይወት አድን የሆነው ሕክምና ራሱ አደገኛ ይሆናል።

ሐኪሞች ቀዶ ሕክምናን የሚመክሩት መቼ ነው?

በሚከተሉት ሁኔታዎች ምጥ ሳይጠበቅ ቀዶ ሕክምና ማቀድ ብዙውን ጊዜ ተመራጭ ነው።

• የእንግዴ ልጁ የማኅፀንን በር ሲሸፍን። በዚህ ሁኔታ ምጥ ከጀመረ ከባድ የደም መፍሰስ ይከተላል።

• ቀደም ሲል ማኅፀን ተተርትሮ ከነበረ፣ ወይም የቀድሞው ቀዶ ሕክምና የተደረገው የላይኛውን የማኅፀን ክፍል ከላይ ወደ ታች በመክፈት ከሆነ።

• ፅንሱ በማኅፀን ውስጥ አግድም ከተቀመጠ እና ሊስተካከል ካልቻለ።

• ከመንታዎቹ ወደ ማኅፀን በር የቀረበው በጭንቅላቱ ካልመጣ።

• ኤችአይቪ በደሟ ውስጥ ያለ እናት በመውለጃዋ ሰሞን የቫይረሱ መጠን ከፍተኛ ሆኖ ከተገኘ። መድኃኒቷን በአግባቡ ወስዳ የቫይረሱ መጠን ዝቅ ያለላት እናት ግን በምጥ መውለድ ትችላለች።

• የፊስቱላ ጥገና የተደረገላት ከሆነ። ፊስቱላ በአብዛኛው የሚመጣው ለቀናት ከተራዘመ እና ሕክምና ካላገኘ ምጥ ነው። ካትሪን እና ሬጂናልድ ሐምሊን እአአ በ1974 አዲስ አበባ ውስጥ የፊስቱላ ሆስፒታል የመሠረቱት ለዚህ ጉዳት ነበር። የተጠገነው አካል ዳግም እንዳይጎዳ ቀጣዩ ወሊድ በታቀደ ቀዶ ሕክምና እንዲሆን ይመከራል።

ፅንሱ በመቀመጫው ሲመጣ ጉዳዩ ምክክር ይፈልጋል። እአአ በ2000 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት ለእነዚህ ሕፃናት የታቀደ ቀዶ ሕክምና ይበልጥ ደኅንነቱ የተጠበቀ መሆኑን ካሳየ ወዲህ ብዙ ሆስፒታሎች አሠራራቸውን ቀይረዋል። ሆኖም የእርግዝናው ጊዜ 37 ሳምንት ገደማ ሲደርስ የሠለጠነ ባለሙያ በእጁ ሆድን በመግፋት ፅንሱን በጭንቅላቱ እንዲዞር ሊያደርገው ይችላል። ሙከራው በግማሽ ያህሉ እናቶች ላይ ይሳካል። ስለዚህ የቀዶ ሕክምና ቀን ከመቆረጡ በፊት ይህ ዕድል ስለመኖሩ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ብቻቸውን በቂ ያልሆኑ ምክንያቶች

«እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሟል» የሚለው አባባል ለቀዶ ሕክምና ምክንያት ተደርጎ ሲነገር ይሰማል። እትብት የተጠመጠመባቸው ሕፃናት ግን በርካታ ናቸው፤ አብዛኞቹም ያለ ችግር በምጥ ይወለዳሉ። አሳሳቢ የሚሆነው በምጥ ወቅት የፅንሱ የልብ ምት ሲዛባ ነው።

የእናት ቁመት ማጠር፣ ዕድሜዋ ከ35 ዓመት ማለፉ ወይም ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ በቀዶ ሕክምና መውለዷ ብቻውን ውሳኔውን አይዘጋም። መንታ ያረገዘች እናትም የመጀመሪያው ሕፃን በጭንቅላቱ ከመጣ እና ሌላ ችግር ከሌለ በምጥ ልትወልድ ትችላለች።

የምጥ መዘግየትም እንደገና እየታየ ያለ ጉዳይ ነው። የማኅፀን በር በየሰዓቱ አንድ ሴንቲ ሜትር መከፈት አለበት የሚለው የቆየ መለኪያ ለሁሉም ሴቶች እንደማይሠራ የዓለም ጤና ድርጅት እአአ በ2018 ባወጣው መመሪያ አስታውቋል። በመመሪያው መሠረት ጠንካራው የምጥ ክፍል የሚጀምረው የማኅፀን በር 5 ሴንቲ ሜትር ሲከፈት ነው። ከዚያ በኋላ ሙሉ በሙሉ እስኪከፈት ድረስ ለመጀመሪያ ልጅ እስከ 12 ሰዓት፣ ለቀጣዮቹ እስከ 10 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። እናት እና ፅንስ ደህና እስከሆኑ ድረስ ምጡ ዘገየ በሚል ብቻ ወደ ቀዶ ሕክምና መሄድ አይመከርም።

ምጥን መፍራት ግን የሚናቅ ምክንያት አይደለም። በቀደመ ወሊድ የተሰቃየች፣ ልጅ የሞተባት ወይም ያለፈቃዷ ጥቃት የደረሰባት ሴት ፍርሃቷ ከባድ ሊሆን ይችላል። የብሪታንያ ብሔራዊ የጤና መመሪያ አንዲት ሴት በቂ ምክክር ከተደረገላት በኋላም በቀዶ ሕክምና መውለድን ከመረጠች ምርጫዋ እንዲከበር ያዝዛል። በአፍሪካ ቀንድ በሚገኙ ብዙ የመንግሥት ተቋማት ግን በምጥ ጊዜ የሚሰጥ የሕመም ማስታገሻ ውስን ነው። ከሕመም ለመሸሽ ቀዶ ሕክምናን የምትጠይቅ እናት ማስታገሻ እና የምታምነው ሰው አብሯት መሆን ቢፈቀድላት ምርጫዋ ሊለወጥ ይችል እንደሆነ መወያየት ይጠቅማል።

የሁለቱ መንገዶች ጥቅም እና ጉዳት

በምጥ የወለደች እናት አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ ታገግማለች። ለቁስል መመርቀዝ እና ለደም መርጋት የመጋለጥ ዕድሏም አነስተኛ ነው። በማኅፀኗ ላይ ጠባሳ ስለማይኖር ቀጣይ እርግዝናዋ ከጠባሳ ከሚመጡ ችግሮች ነጻ ይሆናል። በሌላ በኩል ብልት እና አካባቢው ሊቀደድ ይችላል፤ አልፎ አልፎም ቅዳዱ እስከ ፊንጢጣ ይደርሳል። ሽንት የመቆጣጠር ችግር እና የማኅፀን ወደ ታች መውረድ በምጥ ከወለዱ ሴቶች መካከል ይበልጥ ይታያሉ።

የታቀደ ቀዶ ሕክምና እነዚህን የመጨረሻዎቹን ጉዳቶች ይቀንሳል፤ የምጥን እርግጠኛ አለመሆንም ያስቀራል። ነገር ግን ከባድ የሆድ ቀዶ ሕክምና ነው። ደም መፍሰስ፣ መመርቀዝ፣ በእግር ወይም በሳንባ የሚከሰት የደም መርጋት፣ በፊኛ ላይ የሚደርስ ጉዳት እና የማደንዘዣ ችግር ሊያስከትል ይችላል። ቆዳ ከመቀደዱ በፊት የሚሰጥ ፀረ ተህዋስያን መድኃኒት የመመርቀዝን አደጋ በእጅጉ ይቀንሳል።

ማገገሚያውም በዕቅዱ ውስጥ መግባት አለበት። በቀዶ ሕክምና የወለደች አራስ ለስድስት ሳምንታት ያህል ከባድ ነገር እንዳታነሳ ትመከራለች። ውሃ በጀሪካን ተሸክሞ መምጣት እና እንጨት መልቀም የሴቷ ድርሻ በሆነበት ቤት ይህ ምክር የሚተገበረው ሥራዋን የሚሸፍን ሰው አስቀድሞ ከተገኘ ብቻ ነው።

ጠባሳ ያለበት ማኅፀን

«አንዴ በኦፕራሲዮን የወለደች ሁልጊዜም በኦፕራሲዮን ነው» የሚለው እምነት በስፋት ይደመጣል። የሕክምና መረጃው ከዚህ ይለያል። አንድ ጊዜ በማኅፀን ታችኛው ክፍል ላይ በአግድም በተደረገ ቀዶ ሕክምና የወለዱ እና በሚቀጥለው በምጥ ለመውለድ ከሚሞክሩ ሴቶች ከአራቱ ሦስቱ ገደማ ይሳካላቸዋል። ከዚህ በፊት በምጥም ወልደው የሚያውቁ ከሆነ የመሳካት ዕድላቸው ከ85 እስከ 90 በመቶ ይደርሳል።

ዋናው ስጋት በምጥ ጊዜ ጠባሳው ተከፍቶ የማኅፀን መተርተር ነው። ይህ የሚገጥመው ከ200 ሴቶች አንዷን ገደማ ነው። ምጥ በመድኃኒት እንዲጀምር ሲደረግ፣ ወይም ከቀድሞው ወሊድ ወዲህ ያለው ጊዜ አጭር ሲሆን አደጋው ይጨምራል። በመሆኑም በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ዳግም ከማርገዟ በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት ተኩል፣ ቢቻል ሁለት ዓመት እንድትቆይ ትመከራለች።

እነዚህ ቁጥሮች የተገኙት የፅንሱ የልብ ምት በቅርበት ከሚታይባቸው፣ ደም ከተዘጋጀባቸው እና ቀዶ ሕክምና ወዲያውኑ ሊደረግ ከሚችልባቸው ሆስፒታሎች ነው። ማኅፀን ሲተረተር ሕፃኑን ለማትረፍ ያለው ጊዜ የሚቆጠረው በደቂቃዎች ነው። ስለዚህ ጠባሳ ያለባት እናት በቤት ወይም ቀዶ ሕክምና በሌለበት ጤና ጣቢያ ለመውለድ መሞከር የለባትም። በምጥ ለመውለድ ብትመርጥ እንኳ ቦታው ቀዶ ሕክምና ክፍል ያለው ሆስፒታል መሆን አለበት።

ስንት ልጅ ይፈለጋል?

በምክክር ጊዜ ብዙውን ጊዜ የማይነሳው ጥያቄ ይህ ነው። እያንዳንዱ ቀዶ ሕክምና በማኅፀን ላይ ጠባሳ ይጨምራል። የቀጣዩ እርግዝና የእንግዴ ልጅ በጠባሳው ላይ ከተቀመጠ ወደ ማኅፀን ግድግዳ ዘልቆ ሊጣበቅ ይችላል። ከወሊድ በኋላም በቀላሉ ስለማይላቀቅ ከፍተኛ ደም ይፈስሳል። ብዙ ጊዜ የእናትየዋን ሕይወት ለማትረፍ ማኅፀኗን ማውጣት የግድ ይሆናል።

እአአ በ2006 የታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት አደጋው ከቀዶ ሕክምናው ቁጥር ጋር እንዴት እንደሚያድግ አሳይቷል። የእንግዴ ልጁ የማኅፀንን በር ከሸፈነባቸው ሴቶች መካከል የመጀመሪያ ቀዶ ሕክምናቸው የሆኑት ላይ የመጣበቅ ችግር የታየው በ3 በመቶው ነበር። በሁለተኛው ቀዶ ሕክምና 11 በመቶ፣ በሦስተኛው 40 በመቶ፣ በአራተኛው ደግሞ 61 በመቶ ደርሷል።

እነዚህን ቁጥሮች በቀጠናው ካለው የቤተሰብ መጠን ጋር ማስተያየት ይገባል። በ2008ቱ የኢትዮጵያ ጥናት አንዲት የአዲስ አበባ ሴት በዕድሜዋ በአማካይ 1.8 ልጆች፣ በሶማሌ ክልል የምትኖር ሴት ደግሞ 7.2 ልጆች ትወልዳለች ተብሎ ተገምቷል። ሁለት ልጆች ብቻ ለምትፈልግ እናት ሁለት የታቀዱ ቀዶ ሕክምናዎች ሊሸከሙት የሚችሉት አደጋ ሊሆኑ ይችላሉ። ስድስት ወይም ሰባት ልጆች በሚጠበቁበት ቤት ግን የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና የሚቀጥሉትን እርግዝናዎች ሁሉ ይለውጣል። ስለዚህ ቀዶ ሕክምናውን ያለ በቂ ምክንያት አለመጀመር ዋጋ የሚኖረው ይበልጡን በመጀመሪያው ልጅ ላይ ነው።

ሆስፒታሉ ምን ያህል ይርቃል?

ርቀት ምን ያህል እንደሚወስን ከወልቂጤ ከተማ አቅራቢያ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል ተሞክሮ ያሳያል። ሆስፒታሉ ለአደጋ የተጋለጡ ነፍሰ ጡሮች ምጥ ከመምጣቱ በፊት መጥተው የሚቆዩበት ማረፊያ ካዘጋጀ ዘመናት ተቆጥረዋል።

እአአ ከ1987 እስከ 2008 የነበረውን መረጃ የመረመረ ጥናት በማረፊያው ከቆዩት መካከል የእናቶች ሞት ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት አንጻር 90 ገደማ መሆኑን አመልክቷል። በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ ከመጡት መካከል ግን 1,333 ነበር። ሞተው የተወለዱ ሕፃናት ቁጥርም ከ1,000 ወሊዶች 18 እና 191 ገደማ ሆኖ ተመዝግቧል። በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ምጡ ከጠናባቸው በኋላ የደረሱ በመሆናቸው ሁለቱ ወገኖች በእኩል መነሻ ላይ አልነበሩም። ሆኖም በማረፊያው የቆዩት እናቶች በቀዶ ሕክምና የወለዱበት መጠን 38.5 በመቶ፣ የሌሎቹ 20.3 በመቶ ነበር። በጊዜው እና በዕቅድ የተደረገ ቀዶ ሕክምና ከዝቅተኛ ሞት ጋር አብሮ ሊሄድ እንደሚችል ይህ ያመለክታል።

በኢትዮጵያ በርካታ ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ አላቸው። ከሆስፒታል ርቃ የምትኖር እና ጠባሳ ያለባት፣ መንታ ያረገዘች ወይም በቀደመ ወሊድ ችግር የገጠማት እናት ከመውለጃዋ ጥቂት ሳምንታት በፊት ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥበት ቦታ መቅረብ ይኖርባታል።

ጦርነት ይህን ስሌት ያዛባል። በትግራይ ጦርነት ወቅት በርካታ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ወድመዋልም። በሱዳንም ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በቀጠለው ጦርነት ብዙ ሆስፒታሎች አገልግሎት አቁመዋል። ዛሬ በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት በሚቀጥለው እርግዝናዋ ተፈናቅላ፣ መንገድ ተዘግቶባት ወይም በመጠለያ ካምፕ ልትገኝ ትችላለች። ጠባሳው ግን አብሯት ይጓዛል።

ግርዛት የተፈጸመባቸው እናቶች

በሶማሊያ፣ በሱዳን፣ በጅቡቲ እንዲሁም በኢትዮጵያ አፋር እና ሶማሌ ክልሎች ብልትን እስከ መስፋት የሚደርሰው የግርዛት ዓይነት ብዙ ሴቶች ላይ ተፈጽሟል። ኬንያ እና ሱዳንን ጨምሮ በስድስት የአፍሪካ አገራት ከ28,000 በላይ ሴቶችን ያካተተው እና እአአ በ2006 የታተመው የዓለም ጤና ድርጅት ጥናት ይህ ግርዛት በደረሰባቸው ሴቶች ላይ የቀዶ ሕክምና እና ከወሊድ በኋላ የደም መፍሰስ ዕድል ከፍ ማለቱን አረጋግጧል።

ይሁን እንጂ ግርዛቱ በራሱ በቀዶ ሕክምና ለመውለድ ምክንያት አይሆንም። የተሰፋውን ክፍል በሠለጠነ ባለሙያ በእርግዝና ወቅት ወይም በምጥ ጊዜ መክፈት ይቻላል፤ ድርጅቱም ይህን ይመክራል። እናትየዋ ጉዳዩን በቅድመ ወሊድ ክትትል ወቅት ካነሳች ባለሙያው ለመዘጋጀት ጊዜ ያገኛል። ከወሊድ በኋላ መልሶ መስፋት ግን ጎጂ ተግባር ነው።

ውሳኔው የማን ነው?

በሕክምና ሥነ ምግባር ለቀዶ ሕክምና ፈቃድ የምትሰጠው በቂ ማብራሪያ የተሰጣት ታካሚዋ ራሷ ናት። በተግባር ግን በቀጠናው በብዙ ቦታዎች የባል፣ የአባት ወይም የአማት ድምፅ ይቀድማል። በሶማሊያ እና በሶማሌላንድ የተደረጉ ጥናቶች የባል ወይም የወንድ ዘመድ ፈቃድ እስኪገኝ ሲጠበቅ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምናዎች እንደሚዘገዩ ያሳያሉ። የመዘግየቱን ዋጋ የምትከፍለው እናትየዋ፣ አንዳንዴም ሕፃኑ ነው።

በቀዶ ሕክምና የወለደችን ሴት በምጥ እንዳልወለደች፣ ወግ እንዳልደረሳት አድርጎ የሚያይ አስተሳሰብም አለ። በሌላ በኩል በከተሞች ቀዶ ሕክምናን የዘመናዊነት ምልክት የሚያደርጉ አሉ። ሁለቱም አመለካከቶች የእናትየዋን የሕክምና ሁኔታ አያውቁም። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለው የደስታ ቃል የሚነገረው ለሁለቱም ወላዶች እኩል ነው።

ቤተሰቡ የሚወያይበት ትክክለኛ ጊዜ ምጥ ከመምጣቱ በፊት ነው። በዚያን ጊዜ ባልየው የሕክምና ማብራሪያውን አብሮ ሊሰማ፣ የትራንስፖርት ገንዘብ ሊቀመጥ፣ ደም የሚለግስ ዘመድም ሊታወቅ ይችላል።

ለሐኪም ወይም ለአዋላጅ የሚቀርቡ ጥያቄዎች

• ቀዶ ሕክምናው የተመከረበት ምክንያት ምንድን ነው? ምክንያቱስ እስከ መውለጃው ቀን ሊለወጥ ይችላል?

• በምጥ ለመውለድ ብትሞክር በዚህ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና በማንኛውም ሰዓት፣ ሌሊትም ጭምር ማግኘት ይቻላል?

• የማደንዘዣ ባለሙያ እና ለእናትየዋ የሚስማማ ደም አለ?

• የእርግዝናው ዕድሜ በምን ተረጋገጠ? ቀጠሮው ከ39 ሳምንት በፊት ከሆነ ለምን?

• ከዚህ በኋላ ስንት ልጅ ትፈልጋለች? ለቀጣዩ እርግዝና የሚመከረው ክፍተት እና የወሊድ መቆጣጠሪያስ ምንድን ነው?

• ቀደም ሲል ጠባሳ ካለ የእንግዴ ልጁ የት እንደተቀመጠ በአልትራሳውንድ ታይቷል?

በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት ከሆስፒታል ስትወጣ የምትጠይቀው አንድ ሰነድም አለ። ቀዶ ሕክምናው ለምን እንደተደረገ እና ማኅፀኗ በየት በኩል እንደተከፈተ የሚገልጽ ማስረጃ ነው። በሆድ ቆዳ ላይ የሚታየው ጠባሳ ማኅፀን ውስጥ ያለውን አያሳይም፤ ከውጭ አግድም ሆኖ ከውስጥ ቁመቱን የተከተለ ሊሆን ይችላል። በሌላ ከተማ ወይም በስደት በሌላ አገር የምትወልድ እናት፣ ወይም ከባሕረ ሰላጤው አገራት ወልዳ የተመለሰች ሴት ይህ ወረቀት ከሌላት ቀጣዩ ሐኪም በግምት ለመወሰን ይገደዳል። ወረቀቱ ከልጁ የክትባት ካርድ ጋር አብሮ ቢቀመጥ በሚቀጥለው እርግዝና የመጀመሪያ የክትትል ቀን በቀላሉ ይገኛል።